መንገዱ ባለቤት አለው

የተራራ ብስክሌት ነጂዎች በተሰበሰቡበት ሥፍራ ጆሮውን የጣለ ሰው የሚሰማው ጨዋታ ከሁለት አያልፍም። አንደኛው የዕቃ ጨዋታ ነው፤ የማን ሞላ የበለጠ ይሰምጣል፣ የማን ቸርኬ በስንት ግራም ይቀላል፣ የማን ማርሽ ስንት ደረጃ አለው። ሁለተኛው የፍጥነት ጨዋታ ነው፤ ከእንጦጦ አናት እስከ ከተማው ግርጌ በስንት ደቂቃ ተወረደ፣ ማን ማንን ጥሎ ሄደ። ሦስተኛ ጨዋታ የለም። በዚያው ቁልቁለት ላይ ሽቅብ ስለሚመጣው ሰው፣ ስለ ባለ ሸክሟ እናት፣ ስለ ተጫነው አህያ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ስለሚሮጠው ልጅ አንድ ቃል የሚያነሣ አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተረሳውን ሦስተኛ ጨዋታ ወደ ሸንጎው ማቅረብ ነው።

ይህን የሚጽፈው ሰው ተወዳዳሪ አይደለም፤ ነጋዴም አይደለም። ከሥራ በተረፈው ጊዜ ብስክሌቱን እየረገጠ፣ ሲደክመውም እየገፋ ዳገት የሚወጣ ተራ ነጂ ነው። ክርክሩም አጭር ነው። በእኛ ተራሮች ላይ የብስክሌተኛ ማዕረግ መለካት ያለበት በመቆም ችሎታው እንጂ በመውረድ ችሎታው አይደለም። ዕቃ ሲገዛም፣ መንገድ ሲመረጥም፣ ለጀማሪ ምክር ሲሰጥም መነሻው ይኸው አንድ ጥያቄ ሊሆን ይገባዋል፤ ይህ ሰው ሌላ ሰው ሲያጋጥመው መቆም ይችላል ወይ? ምክንያቱም የምንወርድበት መንገድ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም እኛ አይደለንም።

መንገዱን ማን አበጀው?

በካሊፎርኒያም ሆነ በአልፕስ ተራሮች ለብስክሌት ተብሎ የተቆረጠ መንገድ አለ። የውሃ መውረጃው ታስቦበት፣ ጠመዝማዛው ለጎማ እንዲመች ታጥፎ፣ መውጫና መውረጃው ተለይቶ የተሠራ ነው። በእንዲህ ያለው መንገድ ላይ ብስክሌተኛው የቤቱ ልጅ ነው። የእኛ ነገር ግን ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ፣ የኬንያ የንጎንግ ኮረብቶች፣ የታንዛኒያ የኡሳምባራ ተራሮች፣ የሩዋንዳ የሺህ ኮረብቶች አገር፤ በእነዚህ ሁሉ የሚገኙት ቀጫጭን መንገዶች እግር የወለዳቸው ናቸው። ከቤት ወደ ምንጭ፣ ከምንጭ ወደ እርሻ፣ ከእርሻ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ የሚያደርሱ ናቸው። ለጨዋታ ተብለው የተሠሩ አይደሉም።

እንጦጦን እንውሰድ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ተራራው የመንግሥት መቀመጫ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ከወረደ በኋላም ተራራው ባዶ አልቀረም። ባሕር ዛፍ ተተከለበት፤ ከባሕር ዛፉም ቅጠልና ጭራሮ እየለቀሙ፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም የማያንስ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፣ እናቶች በትውልድ ቅብብል ለከተማይቱ ማገዶ አወረዱ። ከሱሉልታ በኩል አህያ ነጂው እህሉንና እንጨቱን ይዞ ተሻገረበት። ምእመናን በማርያምና በራጉኤል በዓል ወጡበት። ሯጮች በማለዳ ለልምምድ ሮጡበት። ዛሬ ብስክሌተኛው «ምን የመሰለ መንገድ!» እያለ የሚያደንቀው እያንዳንዱ ጠመዝማዛ የእነዚህ ሰዎች ተረከዝ ያበጀው ነው። ከሸክሙ ብዛት የተነሣ ቀጥ ያለው ዳገት ስላቃታቸው አጣመሙት፤ እኛ ደግሞ ጥምዝምዙን ለመዝናኛ ወደድነው።

በዚህ ላይ የአስጎብኚዎች መጽሔት «ማንም ያልደረሰበት፣ ያልተነካ የብስክሌት መንገድ» ብሎ ሲያስተዋውቅ ምን ማለቱ ነው? ያልተረገጠ መንገድ፣ መንገድ አይደለም፤ ጫካ ነው። መንገድ የሆነው ሺህ ጊዜ ሺህ እግር ስለረገጠው ነው። «ያልተነካ» የሚለው ቃል አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፤ እነዚያ እግሮች ከሰው እግር እንዳልተቆጠሩ። እንዲህ ባለው ማስታወቂያ ተመርቶ የመጣ ነጂ በመንገዱ ላይ ሰው ሲያገኝ ቢደነግጥና ቢቆጣ አያስደንቅም፤ ባዶ ነው ተብሎ ተሽጦለታልና።

እውነቱን እንናገር ከተባለ በዚህ ክፍለ አህጉር የተራራ ብስክሌት ነጂነትም አዲስ ነገር አይደለም። በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር፣ በቡሲያ፣ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብስክሌት መቀመጫ ሰው እያመላለሱ «ቦዳ ቦዳ» የሚለውን ስም ለዓለም የሰጡት ሰዎች፣ በሩዋንዳና በቡሩንዲ ኮረብቶች ላይ ሙዝና ድንች በብስክሌት ጭነው የሚወጡትና የሚወርዱት ሰዎች፣ ሞላም ሆነ ብዙ ማርሽ በሌለው ከባድ ብስክሌት ከእኛ የሚብስ ዳገት የሚያሸንፉ ናቸው። ማንም ግን የተራራ ብስክሌተኛ ብሎ አልጠራቸውም፤ ልዩ ልብስ አልለበሱምና።

ስፖርቱ ከፍሬን ጋር ተወለደ

የዕቃ አምላኪዎች ሊያስታውሱት የማይወዱት አንድ ታሪክ አለ። የተራራ ብስክሌት የሚባለው ነገር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ በማሪን አውራጃ፣ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ሲወለድ የተወለደው ከአሮጌ ዕቃ ነው። ጋሪ ፊሸር፣ ጆ ብሪዝ፣ ቻርሊ ኬሊና ጓደኞቻቸው የተጠቀሙበት ከ1930ዎቹና ከ1940ዎቹ የተረፈ፣ ወፍራም ጎማ ያለው፣ ሰው የጣለውን ከባድ ብስክሌት ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1976 የጀመሩት የቁልቁለት ውድድር «ሪፓክ» ተባለ። ስሙ ከየት መጣ ቢሉ ከፍሬን ነው። ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዘው የኋላ ጎማ ፍሬን በዚያ ቁልቁለት እጅግ ስለሚግል በውስጡ ያለው ግራሶ ጨሶ ያልቃል፤ ነጂውም ከወረደ በኋላ እምብርቱን ፈቶ ግራሶውን እንደ ገና መሙላት ነበረበት። «ሪፓክ» ማለት ይኸው እንደ ገና መሙላት ነው። እንግዲህ የዚህ ስፖርት የመጀመሪያው ዝነኛ ውድድር የተሰየመው በፍሬን ችግር እንጂ በሞላ ምቾት አይደለም።

የታሪኩ ቀጣይ ምዕራፍም ይጠቅመናል። ብስክሌተኞች በበዙ ጊዜ በእግር የሚሄዱትና በፈረስ የሚጋልቡት ሰዎች ተማረሩ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያው በስፖርቱ መወለጃ ቀጫጭኖቹ መንገዶች ለብስክሌት ተዘጉ፤ ክፍት በቀሩት ሰፋፊ መንገዶችም ላይ የፍጥነት ወሰን ተደነገገ፤ በሰዓት 15 ማይል፣ ማለትም ወደ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰው ሲታለፍና ማዶው በማይታይ መታጠፊያ ላይ ደግሞ 5 ማይል፣ ማለትም 8 ኪሎ ሜትር። ስምንት ኪሎ ሜትር የዝግታ ሩጫ ፍጥነት ነው። እኛ ዘንድ «ፍጥነት የስፖርቱ ነፍስ ነው» የሚሉ ሰዎች የስፖርቱ እናት አገር ልጆቿን በምን ያህል ፍጥነት እንደ ወሰነቻቸው ቢያውቁ መልካም ነበር። ራሱን ያልገታ በሌላው ይገታል።

ገንዘቡ በየትኛው ላይ ይውጣ?

ጀማሪ ነጂ ወደ ሱቅ ሲገባ በሁለት ውሸቶች መካከል ይወድቃል። የመጀመሪያው ውሸት ውድ ነው። «ተራራ የሚወጣ ሰው ፊትም ኋላም ሞላ ያለው፣ ባለ 12 ደረጃ ማርሽ፣ መቀመጫው በቁልፍ የሚወርድ ብስክሌት ከሌለው አይሆንለትም» ይላል። ሁለተኛው ውሸት ርካሽ ነው። የመጀመሪያውን ብስክሌት በመልክ ብቻ አስመስሎ፣ ሁለት ከባድ ሞላ ለጌጥ ሰክቶ፣ የፍሬኑን እጀታ በላስቲክ ሠርቶ ያቀርባል። ሁለቱ ውሸቶች ጠላት ይምሰሉ እንጂ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ገዢውን የሚያሳምኑት ሞላውን እንዲያይና ፍሬኑን እንዳያይ ነው። ርካሹ ግን ይብሳል፤ ሲወጡበት ጉልበትን በንጥርጥር ይበላል፣ ሲወርዱበት ደግሞ አይቆምም።

አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። ብስክሌትም እንዲሁ ነው። የሚያደርሰውን ከማያደርሰው ለመለየት የሚረዳው የገንዘብ ቅደም ተከተል በእኔ እምነት የሚከተለው ነው።

ፍሬን ይቅደም። በደጋችን አቧራና ጭቃ ቸርኬውን ጨብጦ የሚያቆመው ፍሬን ቶሎ ይበላል፤ ውሃና አሸዋ ሲቀላቀሉበት ቸርኬውን ራሱን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። የዲስክ ፍሬን ያለበት ምክንያት ይህ ነው፤ ከጭቃው ርቆ በጎማው እምብርት ላይ ይሠራልና። ከዲስኮቹም መካከል በሽቦ የሚሳበው ከጣት ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ ነገር ግን የሠፈር ጠጋኝ በፒንሳና በአንድ ቁልፍ ያስተካክለዋል። በዘይት የሚሠራው በአንድ ጣት ይታዘዛል፤ ዘይቱ አየር ሲገባበት ግን መሣሪያውና ባለሙያው ካልተገኙ ብስክሌቱ ከግድግዳ ጋር ተደግፎ ይቀራል። ስለዚህ ምርጫው «የትኛው ይበልጣል» ሳይሆን «የትኛውን በአቅራቢያዬ የሚጠግን ሰው አለ» መሆን ይኖርበታል። የትኛውም ቢሆን የፍሬኑ ሸራ ውፍረት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ መለወጥ አለበት፤ በዲስኩም ላይ የካቴና ዘይት ጠብታ እንኳ መንካት የለበትም። ዘይት የጠጣ ሸራ ይጮኻል እንጂ አይዝም።

ቀጥሎ ጎማ ነው። ፍሬን የሚያቆመው ጎማውን ነው፤ ሰውየውን የሚያቆመው ግን ጎማው መሬት ሲነክስ ነው። በብዙ ሱቆች እንደሚደረገው ጎማን እስከ መጨረሻው ነፍቶ እንደ ድንጋይ ማጠንከር በጠጠር ላይ መንሸራተትን መግዛት ነው። 70 ወይም 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ2.2 ኢንች ጎማ ከ25 እስከ 30 ፒ.ኤስ.አይ. ባለው ነፋስ ቢጀምርና ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ቢያስተካክል ልዩነቱን በመጀመሪያው መታጠፊያ ይረዳዋል። ከዚያ በታች ከወረደ የውስጥ ጎማው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጦ ይተነፍሳል። የግራር እሾህ በሚበዛበት በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ በጎማው ውስጥ መጨመር ለጎሚስታ ከሚከፈለው ብዙ ያተርፋል፤ ፈሳሹ በሙቀት ስለሚደርቅ በየጥቂት ወሩ መታደስ እንዳለበት አይዘንጋ። ስለ ጎማ መጠን የሚደረገው ክርክር፣ 26 ይሻላል ወይስ 29፣ ለተወዳዳሪ እንጂ ለተራ ነጂ የሞት ሽረት ጉዳይ አይደለም። በከተማው ውስጥ ተለዋጭ የሚገኝለት ጎማ ከሁሉ ይሻላል።

ሦስተኛው የራስ ቁር ነው። ማሰሪያው ከአገጭ በታች ሁለት ጣት ብቻ ማስገባት አለበት፤ አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ቁርም ስንጥቁ ባይታይ እንኳ ይጣላል እንጂ ለታናሽ ወንድም አይተላለፍም። አራተኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የመቀመጫ ቁመት ነው። ተረከዝ በታችኛው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግር ቀጥ የሚል ከሆነ ለዳገት በቂ ነው፤ ረጅምና አስቸጋሪ ቁልቁለት ሲመጣ ደግሞ ቆሞ መቀመጫውን ጥቂት ጣት ዝቅ ማድረግ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣውን ባለ ቁልፍ መቀመጫ ያስንቃል። ማርሽን በተመለከተ ባለ 8 ወይም ባለ 9 ደረጃው ከባለ 12ቱ ይልቅ ወፈር ያለ ካቴና ስላለው ጭቃን ይታገሣል፤ መለዋወጫውም ይቀላል። ሞላ የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እርሱም ከፊት አንድ ይበቃል።

የመቆም ሒሳብ

ስለ ፍጥነት በስሜት ከመከራከር ሒሳቡን ማየት ይሻላል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው በአንዲት ሴኮንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። ዓይኑ እግረኛውን አይቶ ጣቱ ፍሬኑን እስኪይዝ ድረስ አንዲት ሴኮንድ ታልፋለች ብንል 8 ሜትሩ ገና ሳይጀምር አልቋል። በልል ጠጠር ላይ መልካም ፍሬን የያዘ ነጂ በየሴኮንዱ ከፍጥነቱ ላይ በሴኮንድ 4 ሜትር ያህል ቢቀንስ ለመቆም ሌላ 9 ሜትር ግድም ያስፈልገዋል። ድምሩ 17 ሜትር ሆነ። ይኸው ሰው በ15 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ግን በ6 ሜትር ከግማሽ ገደማ ውስጥ ይቆማል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ከፍሬን በኋላ ያለው ርቀት በአራት እጥፍ ያድጋልና።

አሁን የደጋ መንገዶቻችንን መታጠፊያዎች እናስብ። በባሕር ዛፍና በቁጥቋጦ መካከል 10 ሜትር አሻግሮ የሚያሳይ መታጠፊያ ካለ ብዙ ነው። እንግዲህ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚታጠፍ ሰው ከመታጠፊያው ማዶ ማንም እንደሌለ እየተወራረደ ነው፤ የውርርዱ መያዣ ግን የእርሱ ሳይሆን የሌላ ሰው አጥንት ነው። ደንቡ እንዲህ ቢሆን ይበጃል፤ ከምናየው ርቀት በግማሹ ውስጥ መቆም በምንችልበት ፍጥነት ብቻ እንውረድ። ግማሹ ለምን? ከማዶም የሚመጣ አለና፤ የእርሱም ግማሽ ይጠበቅለት።

የመቆም ጥበብም ይማሩታል። ብዙ ጀማሪ የፊት ፍሬንን እንደ እባብ ይፈራል፤ በኋላው ብቻ ይይዛል፤ የኋላው ጎማም ተቆልፎ መሬቱን እያረሰ ይንሸራተታል። እውነታው ግን ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። ጉልበትን አጠፍ፣ ወገብን ወደ ኋላና ወደ ታች፣ ክንድን ላላ አድርጎ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ በቀስ ማጥበቅ ነው፤ መያዙም መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ከመታጠፊያው በፊት እንጂ በመታጠፊያው ውስጥ አይደለም። በረጅም ቁልቁለት ፍሬንን ሳይለቁ ይዞ መውረድ ያግለዋል፤ ያዝ፣ ለቀቅ እያደረጉ እንዲተነፍስ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን በሰው መንገድ ላይ ሳይሆን በአንድ ባዶ ሜዳ ለአንድ ሰዓት መለማመድ አንድ ወር ቁልቁል ከመወርወር የበለጠ ያስተምራል።

ከእንስሳት ጋር መገናኘትም የራሱ ሥርዐት አለው። አህያና በቅሎ ድምፅ ሳያሰማ ከኋላ የሚመጣን ነገር ይፈራሉ፤ ሲደነግጡም ጭነታቸውን ይጥላሉ። ቆሞ በሰው ድምፅ መናገር ያረጋጋቸዋል። ገደል ባለበት ሥፍራ ደግሞ ብስክሌተኛው በተራራው በኩል ተጠግቶ ይቁም፤ ሰፊ ጭነት የተሸከመ አህያ ሲያልፍ በገደሉ በኩል የቆመውን ሰው ገፍቶ ሊጥል ይችላልና። በኬንያ ሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚዎች በብስክሌት ከዱር እንስሳት መካከል ያልፋሉ፤ የሜዳ አህያ መንገዱን ሲያቋርጥም ቆመው በአድናቆት ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ያው ነጂ በደጋው መንገድ ላይ የቤቱን አህያ ሲያገኝ ደወል ማንጫረሩ ምን ይባላል? ለሜዳ አህያ የተገኘ ትዕግሥት ለድሀው አህያ እንዴት ጠፋ?

ክረምትና መንገዱ

መቆም ማለት አንዳንድ ጊዜ ጨርሶ አለመሄድ ነው። በክረምት መረሬ አፈር ጎማውን እንደ ሊጥ ይይዘዋል፤ ነጂው ግን ከራሱ መከራ ይልቅ ከኋላው የሚተወውን ነገር ቢያይ ይሻለዋል። በረጠበ ቁልቁለት ላይ የተቆለፈ ጎማ የሚያሰምረው መስመር ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ነው። የሚቀጥለው ዝናብ ያንን መስመር አግኝቶ ይከተለዋል፤ ከርሞ ቦይ ይሆናል፤ ሲውል ሲያድር ባለ ሸክሟ እግሯን የምታሳርፍበት ታጣለች። እግር መንገድን ይጠቀጥቃል፤ የተቆለፈ ጎማ ግን ያርሰዋል። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ቀጥ ያሉትን ቀጫጭን መንገዶች ትቶ በጠጠር መንገድ መጋለብ ግዴታ ሊሆን ይገባል። በየዓመቱ የመስቀል ሰሞን ጥቂት ነጂዎች አካፋና ዶማ ይዘው የውሃ መውረጃ ቢያበጁ ደግሞ ለዘመናት ከተጠቀሙበት መንገድ ዕዳ ጥቂቱን ይከፍሉ ነበር።

ለተቃዋሚዎች መልስ

ሦስት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው «ፍጥነት ከሌለ ስፖርቱ ምን ቀረው?» የሚል ነው። ፍጥነትን ማንም አልጠላም። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ደረጃዎችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ሲለብስ ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ፣ ከናይሮቢ እስከ ኪጋሊ ያልተደሰተ የለም። ኪጋሊም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 የመንገድ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮናን በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ አስተናግዳለች። ኢትዮጵያም ገና በመጀመሪያው የኦሎምፒክ ተሳትፎዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን፣ ብስክሌተኞቿን አሰልፋለች። እነዚህ ሁሉ ግን የሮጡት በተዘጋ መንገድ ነው። መንገዱ ለውድድሩ ሲለቀቅ ፍጥነት ክብር ይሆናል፤ መንገዱ ሳይለቀቅ ሲሆን ግን ፍጥነት ቅሚያ ነው። በዚያ ላይ ማንንም የማይጎዳ ፍጥነት አለ፤ እርሱም የዳገት ፍጥነት ነው። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። በዚያ ከፍታ ሳይወርድ ዳገት የጨረሰ ሰው ቢፎክር ያምርበታል። ቁልቁለቱንማ ድንጋይም ይወርደዋል።

ሁለተኛው «ደወል እየደወልን እያለን እግረኛው ለምን ዞር አይልም?» የሚል ነው። ደወል ማስጠንቀቂያ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ሸክም ያዘለ ሰው አንገቱን አዙሮ ማየት አይችልም፤ ከመንገዱ ወርዶ በተዳፋት ላይ መቆምም ይቸግረዋል። ከሁሉም በላይ ግን የቆመ ብስክሌት እንደ ገና ለመነሣት አንድ እርግጫ ይበቃዋል፤ የወረደ ሸክም ለመነሣት ግን የሚያሸክም ሰው ይፈልጋል። ይህን ልዩነት የተረዳ ነጂ ማን ለማን ይቁም ብሎ አይጠይቅም። እኛ ለጨዋታ ወጥተናል፤ እርሷ ለእንጀራ ወጥታለች። ከብስክሌቱ ወርዶ ዳር ይዞ «ሸክሙን ያቅልልዎ» ማለት የአገራችን የመንገድ ሥርዐት ነው፤ ብስክሌት ስለ መጣ አልተሻረም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሌላ ወገን የሚመጣ ነው፤ «እንዲህ ከሆነ ብስክሌትን ከተራራው ማገድ ወይም በአጥር ውስጥ ብቻ መወሰን ይሻላል» ይላል። አጥር ጥቅም የለውም አልልም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት ሥፍራ አለው፤ ለጀማሪ መለማመጃ እንዲህ ያለው ቦታ ደግ ነው። በናይሮቢ የካሩራ ደንም፣ ከ1000 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው፣ እግረኛና ብስክሌተኛ በአንድነት ይገቡበታል። ነገር ግን ካሩራን ያተረፈው አጥር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዋንጋሪ ማታይና ባልደረቦቿ ደኑን ከመሬት ነጣቂዎች ለማዳን ተደብድበዋል፤ ደማቸው ፈሷል። ዛሬ እዚያ የሚነዳ ሰው ሁሉ በሌሎች መሥዋዕትነት ላይ እንደሚነዳ ቢያስብ አይጎዳውም። አጥር ብቻውን መልስ የማይሆነው መጀመሪያ በአጥሩ ውጭ የሚቀረው የመግቢያ ዋጋ የሌለው ልጅ ስለ ሆነ ነው። ቀጥሎም፣ በአጥር ውስጥ ሥርዐት ያልተማረ ነጂ ከአጥሩ ሲወጣ ያው ነውና። ዕገዳን የሚያስቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳንታገድ መታገሥ።

ምን ይደረግ?

ቅሬታ ብቻ አቅርቦ መሄድ አይገባምና ጥያቄዎቼን ላስቀምጥ። ብስክሌት ሻጮች ሞላውን ከማሳየታቸው በፊት ፍሬኑን ያሳዩ፤ ገዢውም ሱቁ ደጃፍ ላይ ነድቶ፣ ይዞ፣ ቆሞ ሳያይ ገንዘብ አይክፈል። ክለቦች የቁልቁለት ሰዓት መዝገባቸውን በሰው መንገድ ላይ መያዝ ይተዉ፤ የዳገት መዝገብ ይያዙ። አዲስ አባል ሲቀበሉም በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወርዶ በተሰመረለት መስመር ላይ ሳይንሸራተት እንዲቆም ይፈትኑት፤ ካልቻለ ብስክሌቱን እየገፋ ይውረድ። አስጎብኚዎች «ያልተነካ» የሚለውን ቃል ከማስታወቂያቸው ይፋቁ፤ በቦታው የመንደሩን ስም ይጻፉ፤ ከሚያገኙት ገቢም ለመንገዱ ጥገና ድርሻ ይመድቡ። የመናፈሻ አስተዳዳሪዎች ማዶው በማይታይ መታጠፊያ ሁሉ ላይ ከብስክሌት ወርዶ መግፋትን የሚያዝ ሰሌዳ ይትከሉ፤ በአማርኛም፣ በአካባቢው ቋንቋም።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አዲስ ሞላ ከሚገዛበት ዋጋ በጥቂቱ ሁለት ጥንድ የፍሬን ሸራ ይገዛል። የሚያስፈልገው አንድ እምነት ብቻ ነው፤ ከመታጠፊያው ማዶ ሁልጊዜ ሰው አለ ብሎ ማመን። ብዙ ጊዜ ደግሞ አለ።